አርተርን ሲፈልጉ ካድቫንን የሚያልፉ

አንግልሲ የምትባለው ደሴት በዌልስ ሰሜን ምዕራብ ጥግ ላይ ናት። እዚያ ላንጋድዋላደር የምትባል አነስተኛ መንደር አለች። በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ፣ ከግድግዳው ጋር የተገነባ አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። አናቱ ላይ መስቀል ተቀርጾበታል። ከመስቀሉ ሥር ያለው የላቲን ጽሑፍ «ንጉሥ ካታማኑስ፣ ከነገሥታት ሁሉ እጅግ ጠቢቡ፣ እጅግ ስመ ጥሩው» ይላል።

ዌልሾች ይህን ሰው ካድቫን ይሉታል። ግዊነዝ በተባለው የሰሜን ዌልስ መንግሥት ላይ ነግሦ በ625 ገደማ ሞተ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ልጁ ካድዋሎን በ633 የኖርዘምብሪያውን ኃያል ንጉሥ ኤድዊንን ጦርነት ላይ ገደለው። በዓመቱ እሱም ተገደለ። ቤተ ክርስቲያኗ የምትጠራው በልጅ ልጁ በካድዋላደር ስም ነው። ድንጋዩን ያስቀረጸውም እሱ ሳይሆን አይቀርም ይባላል።

ከካርዲፍ እዚያ ድረስ መንዳት ቀላል አይደለም። መንገዱ በተራራ ለተራራ ይጠማዘዛል። ደርሼ ፊደሎቹን በቅርብ ሳያቸው ግን ድካሙ ጠፋልኝ። አንዳንዶቹ የድሮው የሮማ ትልልቅ ፊደላት ናቸው። ሌሎቹ በዚያን ጊዜ መነኮሳት በብራና ላይ ይጽፉበት የነበረውን ክብ ክብ ፊደል ይመስላሉ። 1,400 ዓመት ገደማ የሆነው ንጉሥ ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

በሩን የከፈቱልኝ አንዲት አዛውንት ናቸው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። ከዚያ «እዚህ አካባቢ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አርተር ተኝቶበታል ስለሚባለው ዋሻ ነው» አሉኝ። ዋሻው ስኖውደን ተራራ ላይ ነው ይባላል። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የእሳቸው ንግግር ነው።

ካርዲፍ ውስጥ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ልጆቼ ተወልደው ያደጉት እዚሁ ዌልስ ነው፤ ትምህርት ቤት ዌልሽኛ ይማራሉ። ልጆቼ የበቀሉበትን አገር ታሪክ ማወቅ ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ። ንጉሥ አርተርን አዲስ አበባ እያለሁም አውቀው ነበር፣ በፊልም። ሰይፉን፣ ክቡን ጠረጴዛ፣ ጠንቋዩን መርሊንን። ካድቫንን ግን እዚህ አገር ዓመታት ኖሬ ማንም አንስቶልኝ አያውቅም። ይሄ ያንገበግበኛል። መኖሩ እንኳ ላልተረጋገጠ ሰው መቃብር ይቆፈራል። በእርግጥ ነግሦ ለሞተው ሰው ግን በር አስከፍቶ የሚገባ ጥቂት ነው።

የዚህን ዘመን ነገሥታት ለማወቅ መጀመሪያ ጊልዳስ ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ጊልዳስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ሮማውያን በ410 ገደማ ብሪታንያን ለቀው ወጥተዋል። የእንግሊዞች አባቶች የሆኑት ሳክሶኖች ከባሕር ማዶ መጥተው ምሥራቁን ይዘዋል። ጊልዳስ ይህ ሁሉ የመጣብን በኃጢአታችን ነው ብሎ በላቲን ረጅም ተግሣጽ ጻፈ። ከዚያም በዘመኑ የነበሩ አምስት ነገሥታትን በስም እየጠራ ወረደባቸው። በሕይወት ያሉ፣ ሰይፍ የታጠቁ ነገሥታትን ነው እንዲህ የተናገራቸው። ድፍረቱ ይገርመኛል።

ከአምስቱ አንዱ የግዊነዙ ማይልጉን ነው። የካድቫን ዘር የሚቆጠረው ከእሱ ነው። ጊልዳስ «የደሴቲቱ ዘንዶ» ይለዋል። ቁመቱም ሥልጣኑም ከሌሎቹ ነገሥታት የሚበልጥ ሰው ነበር። በልጅነቱ አጎቱን በጦር ገልብጧል። ቆይቶ ተጸጸተና መነኮሰ። ምንኩስናው ግን አልዘለቀም። ወደ ዙፋኑ ተመለሰ፤ ሚስቱንም የወንድሙን ልጅም አስገደለና የሟቹን ሚስት አገባ። ጊልዳስን በጣም ያናደደው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የንጉሡ ጆሮ የእግዚአብሔርን ምስጋና ትቶ የአዝማሪዎቹን ውዳሴ ብቻ ይሰማል ይላል። አዝማሪዎቹ አረፋ እየደፈቁ ነው የሚያወድሱት።

ማይልጉን በ547 በወረርሽኝ እንደሞተ የዌልስ የዘመን መዝገብ ይናገራል። ይህን ሳነብ ዓለም ትንሽ ሆነችብኝ። ብዙዎች ያ ወረርሽኝ በ541 ግብፅ ውስጥ ፔሉሲየም ላይ የታየው፣ ከዚያም በሮማ ግዛት ሁሉ የተስፋፋው የዩስቲንያኖስ ዘመን መቅሰፍት ነው ይላሉ። ኤቫግሪየስ የሚባል የሶርያ ሰው በዚያው ክፍለ ዘመን ሲጽፍ በሽታው ከኢትዮጵያ ተነሣ እንደሚባል መዝግቧል። ኢትዮጵያ ሲል ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር በሙሉ ሊሆን ይችላል። የሆነ ሆኖ አፄ ካሌብ አክሱም ላይ በነገሡበት ዘመን ማይልጉን ዌልስ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ዘመን ላይ አስቀምጬ ሳያቸው ጨለማ ሲባል የሰማሁት ክፍለ ዘመን ፊት ያላቸው ሰዎች ይሞሉታል።

ሁለተኛው የደቡብ ምዕራቡ የዳቬድ ንጉሥ ቮርቲፖር ነው። ጊልዳስ ሲጽፍ ቮርቲፖር ሸብቷል። «የደግ ንጉሥ ክፉ ልጅ» ይለዋል፤ ክፋቱ እንደ ነብር ዥጉርጉር ነው ይላል። በ1895 ካስቴል ድዊራን በሚባል ቦታ አንድ ድንጋይ ተገኘ። በሦስት መስመር የላቲን ጽሑፍ አለው፦ የቮቴፖሪክስ መታሰቢያ፣ የጠባቂው። «ጠባቂ» የሚለው በሮማ ዘመን ለንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ ዘበኞች ይሰጥ የነበረ ማዕረግ ነው። ሮም ከወጣች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል፣ ዳቬድ ላይ ግን ሰው ገና በሮማ ማዕረግ ይኮራል። በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ደግሞ ስሙ በጭረት በጭረት ተጽፏል። ይህ ኦጋም የሚባለው የአየርላንዶች ጽሕፈት ነው፤ የዳቬድ ነገሥታት የዘር ሐረጋቸው ከአየርላንድ ይመዘዛል። አንዳንድ ምሁራን የድንጋዩ ሰው የጊልዳሱ ቮርቲፖር ራሱ ሳይሆን የቅርብ ዘመዱ ነው ይላሉ። እኔ ሁለቱንም አማራጮች እቀበላለሁ፣ ያው ቤተሰቡ አንድ ነው።

ድንጋዩ ያለው ከካርማርዘን ከተማ ወጣ ብሎ፣ አበርግዊሊ ያለው ሙዚየም ውስጥ ነው። ሕንፃው ድሮ የጳጳሳት መኖሪያ ነበር። የእህቴ ልጅ ከለንደን ሊጠይቀን ሲመጣ ይዤው ሄድኩ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የኦጋሙን ጭረቶች በዓይኑ ሲከተል ቆየና «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ አርተርን ያውቀው ነበር?» አለኝ።

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ባለ በ1100 ገደማ በተገለበጠ አንድ ብራና ላይ የዌልስ ነገሥታት የዘር ሐረግ ተጽፏል። የዳቬዱ መስመር ላይ ቮርቲፖር አለ። ልጁ ኪንካር፣ የኪንካር ልጅ ፔትር፣ የፔትር ልጅ አርተር። አዎ፣ አርተር የሚባል የዳቬድ ንጉሥ ነበር! «የዚህ ሰውዬ የልጅ ልጅ ልጅ አርተር ይባላል» አልኩት። ዓይኑ በራ። ግን የኖረው በ600 ገደማ ስለሆነ ሳክሶኖችን ባዶን ተራራ ላይ ያሸነፈው አርተር ሊሆን አይችልም። ይህንንም ነገርኩት። ቅር አለው።

ባዶን ራሱ እውነተኛ ጦርነት ነው። ጊልዳስ እሱ በተወለደበት ዓመት እንደተደረገ ይናገራል። ብሪታንያውያን አሸንፈው ለአንድ ትውልድ ያህል ሰላም ያገኙበት ጦርነት ነው። ሳክሶኖችን መመከት የጀመረውንም መሪ በስሙ ይጠራዋል፣ አምብሮሲየስ አውሬሊያኑስ ይለዋል። አርተር የሚል ስም ግን ከጊልዳስ ብዕር አልወጣም። በ731 ትልቁን የእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የጨረሰው መነኩሴ ቢድም አርተርን አያነሣም።

ታዲያ አርተር ከየት መጣ? ለዚህ መልስ ያለኝን ሐሳብ ነው ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግኩት። አርተር ኖረ አልኖረ ከሚለው ይልቅ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ማን ቤት ተቀምጦ ጻፈው ብሎ መጠየቅ ነው የሚሻለው። ለዚህኛው ጥያቄ መልስ አለ።

በ829 ወይም በ830 ግዊነዝ ውስጥ አንድ የላቲን ታሪክ ተጻፈ። ጸሐፊው ነኒየስ ነው የሚል ልማድ አለ። መጽሐፉ ዘመኑን በንጉሥ ሜርቪን አራተኛ ዓመት ይቆጥራል። ሜርቪን በ825 የነገሠ ሰው ነው፣ ነባሩ የነገሥታት መስመር ተቋርጦ አዲስ ሥርወ መንግሥት የጀመረው እሱ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አርተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሰው ሆኖ ይታያል። አሥራ ሁለት ጦርነት ይዋጋል። አሥራ ሁለተኛው ባዶን ነው። እዚያ 960 ሰው በአንድ ቀን፣ በእሱ አንድ ጥቃት ወደቀ ይላል። ስምንተኛው ጦርነት ላይ የእመቤታችንን ምስል በትከሻው ተሸክሞ ይዘምታል። ታቦት ይዞ መዝመትን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ምስል ወዲያው ይገባናል፤ ጸሐፊው የሚያሳየን የእግዚአብሔር ሕዝብ የጦር አበጋዝ ነው። ከመቶ ዓመት ከምናምን በኋላ፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተጠናቀረው የዘመን መዝገብ ደግሞ ባዶንን በ516 ያስቀምጣል። በ537 ካምላን በሚባል ጦርነት ላይ አርተርና ሜድራውት የሚባል ሰው ወደቁ ይላል። ከድርጊቱ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው።

የግዊነዙን መጽሐፍ ለብቻው ካነበባችሁት አፈ ታሪክ ይመስላችኋል። ከአንድ ድንጋይ ጋር ስታነቡት ግን ክርክር መሆኑ ይገለጣል። ድንጋዩ ያለው ላንጎለን ከተማ አጠገብ፣ ቫሌ ክሩሲስ ከሚባለው የፈረሰ ገዳም አለፍ ብሎ ነው። የኤሊሴግ ዓምድ ይባላል። ሜዳ ላይ፣ የነሐስ ዘመን ሰዎች ለመቃብር የከመሩት ጉብታ አናት ላይ ቆሟል። ያስቆመው የግዊነዝ ጎረቤት የሆነው የፓዊስ መንግሥት ንጉሥ ኪንገን ነው፤ ይህ ሰው በ850ዎቹ ሮም ላይ ሞተ። ዓምዱን ያቆመው ለቅድመ አያቱ ለኤሊሴግ ነው፤ ኤሊሴግ የፓዊስን ርስት ከእንግሊዞች እጅ በሰይፉ ያስመለሰ ንጉሥ ነበር።

ዛሬ ዓምዱ ላይ በዓይን የሚነበብ ፊደል የለም። ዝናቡ ልጦታል። የምናውቀው ኤድዋርድ ሉይድ የሚባል ዌልሻዊ ሊቅ በ1696 የቀረውን 31 መስመር ገልብጦ ስላስቀመጠልን ነው። ያኔም ዓምዱ ወድቆ ነበር፣ መልሶ የቆመው በ1779 ነው። እኔ የዚህን ሰው ሥራ ከማንኛውም የአርተር ፈላጊ ሥራ አስበልጣለሁ። እሱ ባይኖር ኪንገን ዝም ብሎ ይቀር ነበር።

ኪንገን ምን አለ? አንደኛ፣ ይህን ድንጋይ ያነበበ ሁሉ ለኤሊሴግ ነፍስ ይጸልይ አለ። ጸሐፊው ኮንማርክ እንደሚባልም አስጻፈ። ሁለተኛ፣ የዘሩን መነሻ ቆጠረ። የዘሩ መነሻ ቮርቲገርን ነው። ሚስቱም የማክሲሙስ ልጅ ሴቪራ ናት፤ ማክሲሙስ ከብሪታንያ ተነሥቶ የሮማን ንጉሠ ነገሥት ያስገደለው ጄኔራል ነው። ልጃቸውን ደግሞ ቅዱስ ጌርማኖስ ባርኮታል።

አሁን የግዊነዙን መጽሐፍ መልሳችሁ ክፈቱ። እዚያ ቮርቲገርን ማን ነው? ሳክሶኖችን ጋብዞ ያስገባ ከሃዲ። የገዛ ልጁን ያገባ ርኩስ። ቅዱስ ጌርማኖስ የረገመው፣ ከነምሽጉ በሰማይ እሳት የተቃጠለ ሰው። ሁለቱም የተጻፉት በአንድ ትውልድ ውስጥ፣ በጎረቤት መንግሥታት ነው። አንዱ «አባታችን ቅዱሱ የባረከው ቤት ነው» ይላል። ሌላው «የእናንተ አባት አገር ያስያዘ ነው፣ ቅዱሱም ረግሞታል» ይላል። በእኔ እምነት አርተር ወደ ጽሑፍ የገባው በዚህ ሽኩቻ መካከል ነው።

እዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲያብሰለስለኝ የቆየ ነገር አለ። እነዚህ ነገሥታት ከታላላቅ ሰዎች ሁሉ ዘር ቆጥረዋል። ከማክሲሙስ ቆጥረዋል። ከቮርቲገርን ቆጥረዋል። ግዊነዞች ከሰሜን ስምንት ልጆቹን ይዞ መጣ ከሚባለው ከኩኔዳ ቆጥረዋል። በዚያ የዘር ሐረግ በተጻፈበት ብራና ላይ ግን የባዶኑ አርተር አባታችን ነው ያለ አንድም ሥርወ መንግሥት የለም። አርተር ታላቅ ንጉሥ ከነበረ፣ ሁሉንም ድል ካደረገ፣ እንዴት አንድ ሰው እንኳ የልጅ ልጁ ነኝ አይልም? የ829ኙ መጽሐፍም አርተር «ከብሪታንያውያን ነገሥታት ጋር» ይዋጋ ነበር፣ እሱ ግን የጦር መሪያቸው ነበር ነው የሚለው። ንጉሥ አላደረገውም።

እንደኔ ከሆነ ጥቅሙ እዚሁ ላይ ነው። አዲስ ለነገሠው ለሜርቪን የማንም አያት ያልሆነ ጀግና ያስፈልገው ነበር። ቮርቲገርንን ብታወድስ ፓዊስን አወደስክ። አርተርን ብታወድስ ግን ማንም አይቀናም፣ የሁሉም ነው። ነገሥታቱን ሁሉ በአንድ መሪ ሥር አሰልፎ እንግሊዞችን የሚመታ ሰው፦ ይህ በ829 ለግዊነዝ ቤተ መንግሥት ከምንም በላይ የሚጣፍጥ ወሬ ነበር። ከጀርባው በ500 ገደማ የኖረ አንድ ጀግና ሊኖር ይችላል፣ አልክድም። ጎዶዲን የሚባለው የድሮ የዌልሽኛ የጀግኖች ሙሾ አንዱን ተዋጊ ምሽግ ላይ ለጥቁር ቁራዎች ሬሳ መገበ፣ አርተርን ባያህልም ይለዋል። የስም ዝና ነበር ማለት ነው። ግን ለዝናው ሥጋ ያለበሱት የ9ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ናቸው።

ቀሪውን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። በ1130ዎቹ መጨረሻ የሞንመዙ ጄፍሪ የሚባል ጸሐፊ አርተርን ንጉሠ ነገሥት አደረገው። በ1184 የተቃጠለው የግላስተንበሪ ገዳም በ1191 የአርተርን መቃብር አገኘሁ አለ። ገዳሙ ያኔ ለግንባታ ገንዘብ በጣም ያስፈልገው ነበር።

ኤድዋርድ ቀዳማዊ ያደረገውን ግን ሳልናገር አላልፍም። ይህ የእንግሊዝ ንጉሥ በ1278 ግላስተንበሪ ሄዶ የተባለውን መቃብር በፊቱ አስከፈተ፣ አጥንቶቹን በክብር አስቀበረ። በ1282 የግዊነዙ ልዑል ሊዌሊን ተገደለ። ዌልስ ተያዘች። ከዚያ የአርተር ዘውድ የተባለ ዘውድ ከዌልሾች ተወስዶ ለኤድዋርድ ተሰጠ። በ1284 ደግሞ ኤድዋርድ እዚያው ግዊነዝ መሬት ላይ፣ ነቪን በምትባል የባሕር ዳር ቦታ፣ በክብ ጠረጴዛ ስም የፈረሰኞች ጨዋታ አዘጋጀ። እንግሊዞችን እንዲመታ በግዊነዝ የተጻፈው ጀግና ግዊነዝን ለያዘው የእንግሊዝ ንጉሥ ድግስ ሆነ። አርተርን መውሰድ ይቻላል፣ የማንም አባት ስላልሆነ። ካድቫንን ግን ማንም አልወሰደውም። «ከነገሥታት ሁሉ ጠቢቡ» ብሎ የጻፈለትን ቤተሰብ እናውቀዋለን።

የእህቴ ልጅ አሁን በስልክ የሚጠይቀኝ ስለ ዳቬዱ አርተር ነው። «የእኛ አርተር» ይለዋል። አባቱ ፔትር፣ አያቱ ኪንካር እያለ ይቆጥርልኛል። ክረምት ላይ ሲመጣ ፔንማክኖ ልወስደው ቃል ገብቼለታለሁ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካንቲዮሪክስ የሚባል ሰው የመቃብር ድንጋይ አለ። ንጉሥ አይደለም። የግዊነዝ ዜጋ ነበር ይላል፤ የዳኛው የማግሉስ የአጎት ልጅ ነበር ይላል። ሮም ከወጣች በኋላ፣ እዚያ ተራራ ሥር፣ ዜጋ ነኝ የሚልና ዳኛ ያለው ሕዝብ ነበር። ካሜራዬን ይዤ ስለምሄድ ፎቶውን እዚሁ አወጣላችኋለሁ።